ለሥራ አስኪያጅነት ልፈተን ሄጄ ሻይ ያመላለስሁ ዕለት

ለሥራ አስኪያጅነት ልፈተን ሄጄ ፈታኞቼን አስተናገድኋቸው። ይኼ እንዴት እንደ ሆነ እስካሁን ለራሴም በወጉ ማስረዳት አቅቶኛል።

ሸዋ ሮቢት፣ ዋናው መንገድ ዳር አዲስ ሆቴል ተከፍቶ ዋና ሥራ አስኪያጅ ይፈለጋል ተባለ። እኔ ጡረታ ወጥቼ፣ ጥላ እየተከተልሁ ወንበሬን ሳዞር የምውል ሰው ነኝ። ልጄ ከአዲስ አበባ እየደወለች "አባዬ፣ ቤቱን አከራይና እኔ ጋ ና" ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ይህ ሥራ ካልተገኘ መሄዴ ነው። ብርድ እፈራለሁ፤ ከብርዱም ይልቅ በሰው ሶፋ ላይ ተጎልቼ ሽማግሌ መባልን።

የኮምፒውተር ቤቷ ልጅ ሲቪዬን አየችና "ጋሼ፣ ይኼ ደካማ ነው፤ እናጠንክረው" አለች። እዚሁ ቅርብ ጀውሃ ከተማ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ጥብስ ሲያቀርብ የኖረውን ሰውዬ "የመስተንግዶ ክፍል አመራር" አደረገችው። ታትሞ ሲወጣ አላወቅሁትም።

"ይኼ ማነው?" አልኋት።

"እርስዎ ነዎት። ይፈርሙ።"

ፈረምሁለት።

በቀጠሮው ጠዋት ከረቫቴን አስሬ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀመጥሁ። ሦስት ሰዎች ላባቸውን እየጠረጉ መጥተው አጠገቤ ያለውን ጠረጴዛ ከበቡ። አቧራ ለብሷል፤ አስተናጋጅ የለም። እግሬ እኔን ሳያማክር ተነሣ። ጠረጴዛውን ወለወልሁ፣ "ምን ልታዘዝ?" አልሁ፣ ከባንኮኒው ትሪ አንሥቼ ውሃና ሻይ አመጣሁ። አንደኛው "ይባረኩ አባባ" ብሎ ወረቀቱን ገለጠና ስሜን ጠራ። ትሪዬን እንደ ያዝሁ "አቤት" አልሁ።

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። "የመስተንግዶ ክፍል አመራሩ?"

"እሱ ነኝ መሰለኝ።"

ከሦስቱ አንዱ የሆቴሉ ባለቤት ነው፤ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው፣ "አስተናጋጅ ቢጎድልብዎ ምን ያደርጋሉ?" አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

"እሱንስ አይታችሁታል" አልሁ።

"ሥራ አስኪያጁ ትሪ ከያዘ ታዲያ ማን ያስተዳድራል?" አሁን አልሳቀም።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። አንዳንዴ ልክ የነበረው ጥያቄው ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ትሪው።

በመጨረሻ "ሰኞ ይምጡ" አለኝ።

"ምን ሆኜ ልምጣ?"

"ብቻ ይምጡ።"

ለልጄ ስደውል አገኘሁ ልበል አጣሁ ልበል ግራ ገባኝ። "ሰኞ ቀጠሮ አለኝ፤ ተከራይ አትፈልጊ" ብዬ ዘጋሁት።

በሩ ላይ አንዲት አስተናጋጅ ያዘችኝ። "ጋሼ፣ ጠረጴዛዬን ቀምተው አሰደቡኝ። ጓዳ ብቅ ብዬ ብመለስ፣ እንግዳ ጥላ ጠፋች ተብያለሁ።"

"በእኔ ጥፋት ነው ብዬ ለባለቤቱ እነግርልሻለሁ።"

"ያው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ አሁን ይንገሩልኛ።"

ወደ ውስጥ አየሁ። ተመልሼ ብገባ ሰኞ ያለውን ቢሰርዝብኝስ? "ሰኞ" አልኋት።

ከጫማዬ እስከ ከረቫቴ አየችኝ። "ሰው ማመላለስማ ከጀመሩ ሥራ አስኪያጅ ሆነዋል" ብላ ገባች።

ዛሬ እሑድ ነው። ለባለቤቱ እነግርልሻለሁ ያልኋትን ገና አልነገርሁላትም።