ስፖኪዮው ላይ የተንጠለጠለው ዲስክ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰመራ ያለው ቤታችን ድረስ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን አመጣ። «አባዬ፣ የድሮ ፊልሞችህን ማየት አሁን ነው» ብሎ አሮጌውን ሃርድ ዲስኬን ሰካው።

ፊልሞቹን የሰበሰብኳቸው በጎረምሳነቴ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር፤ በተመላለሰ ቁጥር ኦሪጅናል ዲስክ ይዞልኝ ይመጣል። እናታችን ከወሎ መጥታ በከፈተችው ምግብ ቤት ጓዳ፣ የፍየል ጥብስ እየሸተተኝ፣ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣቸዋለሁ። የአዋሽ ሙቀትና አቧራ ዲስክ አይምርማ! ጥራት ላይ ደግሞ ግትር ነበርኩ፤ የተዋናዩ የላብ ጠብታ ካልታየኝ እንደገና እጀምራለሁ።

ከዲስኮቹ አንዱ ፊልም አልነበረም። በኢድ ለት የፎቶ ቤቱ ሰውዬ የቀረጸን ነው፤ ሰይድ እናታችንን ሲያጎርሳት፣ እሷም ስትስቅ። ተራው ሲደርስ ሃርድ ዲስኩ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ለፊልሞቹ ቦታ እንዲተርፍ ብዬ ጥራቱን ዝቅ አድርጌ ገለበጥኩት። የገዛ ፊታችንን መቼ አጣነውና!

ሰይድ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

«ከጨረስክ ዋናውን ስጠኝ፣ ስፖኪዮው ላይ ላንጠልጥለው» አለኝ። ያኔ ሾፌሩ ሁሉ ጋቢናው ውስጥ የሚያብረቀርቅ ዲስክ ያንጠለጥል ነበር።

«ይቧጨርብሃል እኮ።»

«ቅጂው አንተ ጋ አለ አይደል እንዴ?»

«አለ» አልኩት። እናታችን «አላህ በሰላም ይመልስህ» ብላ ሸኘችው። መኪናው በጅቡቲ መንገድ፣ ከዲቾቶ ብዙም ሳይርቅ ተገልብጦ ከእነሰይድ፣ ከእነዲስኩ ተቃጠለ። ዛሬም መንገድ ላይ አንድ ጋቢና ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ ሲል አንገቴ ይዞራል።

ልጄ መጀመሪያ አንድ ፊልም ከፈተ። የማላውቀው ሰው ቅንድብ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አርጅታ ከእኔ ጋር የምትኖረው እናቴ ለዓመታት «አታሳዩኝ» ስትል ኖራ፣ ያን ቀን «ሰይዴን አሳዩኝ» አለች። ተከፈተ። የሁለቱም ሳቅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የሰይድ ፊት ግን የተበታተነ አራት ማዕዘን ብቻ ነው።

«ያረቢ! ፊቱን ምን ሸፈነብኝ?»

«አቧራ ነው፣ እማ» አልኳት።

ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳችና በሻሿ ጫፍ ቴሌቪዥኑን ትወለውል ጀመር። «አሁንስ?» አለችኝ፣ አረፍ ብላ።

ለባዕድ ፊት ቦታ ስቆጥብ የወንድሜን ፊት ያጠፋሁት እኔ መሆኔን መናገር ነበረብኝ፤ አቃተኝ። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጨርቋን ይዛ ትነሳለች። እኔም ሌላ ጨርቅ ይዤ አብሬያት እወለውላለሁ።