የተሰላቸ ተመልካች ፍለጋ

የምሠራበት ድርጅት ተከታታይ ድራማ እየሠራ በኢንተርኔት ይለቃል። ቢሯችን ወሎ ሰፈር፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቆች በላይ ነው። የእኔ ሥራ ተመልካች ለምን እንደሚሰለቸው ማጥናት ነው። ይህን ለሰው ስናገር "ይሄም ይጠናል?" ይሉኛል። ይጠናል።

ባለፈው ዓመት የተሰጠኝ ትልቁ ድራማችን ነበር። አራተኛው ሲዝን አልቋል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በየሲዝኑ አደጋ እየደረሰባት ባሏን ትረሳለች፤ ባልየውም ሞቶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። አለቃዬ አምስተኛ ሲዝን ይሠራ ወይስ ይብቃ የሚለውን በእኔ ጥናት ሊወስን ነው። እኔ ብሆን ባልየው መጀመሪያ የሞተ ቀን ድራማውንም አብሬ እቀብረው ነበር፤ ግን የአጥኚ አስተያየት አይቆጠርም።

ከሲኤምሲ እስከ ሳሊተ ምሕረት ቤት ለቤት ዞርኩ። ችግሩ ይሉኝታ ነው። ከድራማው ድርጅት ለመጣ ሰው፣ ያውም ሳሎን ገብቶ ለተቀመጠ እንግዳ፣ "ድራማችሁ ሰለቸኝ" የሚል አበሻ የለም። ሁሉም "ኧረ በጣም ደስ ይላል" እያሉ ምሳ አቀረቡልኝ። በሳምንቱ መጨረሻ የጥናቱ ውጤት መወፈሬ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩ፤ ስለ ራሳቸው መጠየቄን ትቼ "ጎረቤትዎን ሰልችቷቸው ይሆን?" ማለት ጀመርኩ። ስለ ሌላ ሰው ሲሆን እውነቱ እንደ ጉድ ይፈሳል።

እናቴ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የድሮ ሰፈሯ ፈርሶ ወደዚያ ስትመጣ ዕድሯም ማኅበሯም ተበትኖባታል። የቀራት ሰው ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤቷ ናቸው፤ ከወለጋ የመጡ ጡረተኛ ነርስ። እሁድ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ እሳቸው ቸርች ይሄዳሉ። አንዷ ስትጾም ሌላዋ አትጾምም። ጽዋም የጸሎት ቡድንም አያገናኛቸውም። የሚያገናኛቸው የእኛ ድራማ ነው። አመሻሽ ላይ እሳቸው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ፣ አንድ ክፍል አብረው ያያሉ፣ ስለ ደም ግፊታቸው ያወራሉ፣ ይሄዳሉ።

የሥራ ጉዳይ ነውና እናቴንም ስለ ጎረቤቷ ጠየቅኳት።

"እሷማ ነፍሷ ነው" አለች። "እኔን እንኳ ከሰለቸኝ ቆየ። ያቺ ልጅ ደግሞ ባሏን ረሳችው ሲሉኝ ቴሌቪዥኑን ልወረውረው ይዳዳኛል። እሷ ትወዳለች ብዬ ነው እንጂ።"

ስወጣ ጎረቤትየዋ እስከ ደረጃው ሸኙኝ። እሳቸውንም ስለ እናቴ ጠየቅኳቸው። እናትሽ ያለዚህ ድራማ ውለው አያድሩም አሉኝ። እሳቸው ግን የሚመጡት ለእሷ ሲሉ ነው፤ ማየት ስላስጠላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ነው የሚቀመጡት። ይህን ለእናቴ ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቁኝ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ደረጃውን ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ድራማው ከቆመ ያንን በር የሚያንኳኳ ሰው ላይኖር ነው። እናቴ ያንን ሳሎን ብቻዋን ስታመሽበት ታየኝና እንባዬ መጣ። በዚያ ድራማ ሰበብ ያለቀሰ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ሪፖርቱን ግን እንደ እውነቱ ጻፍኩት፤ ተመልካቹን አንገሽግሾታል። አለቃዬ አነበበ፣ የመጨረሻ ክፍል እንዲሠራም አዘዘ።

የተለቀቀ ዕለት እናቴ ቤት ሄድኩ። እናቴና ጎረቤቷ ሶፋው ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀመጥን። ልጅቷ ሁሉንም ነገር አስታወሰች፣ ታረቁ፣ ተደገሰ፣ አለቀ። እናቴ ደስ ይላል አለች። ጎረቤትየዋም ደስ እንደሚል መሰከሩ፤ መነጽራቸው ጭናቸው ላይ ነበር።

ከዚያ ማንም አልተነሳም። የደም ግፊቱ ወሬ እንኳ አልመጣ አለ። በመጨረሻ ጎረቤትየዋ ብድግ ብለው በሩ ጋ ሄዱ፣ ጫማቸውን አጠለቁና እጀታውን እንደያዙ ቆሙ። እናቴን ነገ ማታ ምን እንደምትሠራ ጠየቋት። ምንም አለች። እሳቸውም ምንም እንደሌላቸው ነገሯት።

እናቴ ወደ እሳቸው አላየችም። ወደ እኔ ዞረች።

"ስሚ፣ ቢሯችሁ ሌላ ድራማ አይጠፋም" አለችኝ። "አንድ ፈልጊልን። ቢያስጠላም ግድ የለም፤ ብቻ ረጅም ይሁን።"