የእስቲልየው ሰባት ወጥመዶች

በሥራ ክፍላችን እስቲልየው እንላታለን። ሻይ ሲቀርብላት እንኳ ወደ ብርጭቆው አጎንብሳ "እስቲ ልየው" ሳትል አትቀምስም። ጃቫ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችው ፕሮግራም በየማለዳው ለክሊኒኩ ታካሚዎች "የመድኃኒት መውሰጃ ቀንዎ ደርሷል" የሚል መልእክት ይልካል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ስህተት ተገኘባት ሲባል ሰምተን አናውቅም። ጌጧ ይህ መልካም ስም ብቻ ነበር።

ፕሮግራም ሲጻፍ የሚያግዝና ስህተት የሚጠቁም የተሻሻለ መጻፊያ የመጣ ሳምንት ክፍሉ ሠርግ ቤት መሰለ። አለቃችን አስተያየት መስጫ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈ። "ፈጣን ነው"፣ "ሐሳቤን ሳልጨርሰው ይገባዋል"፣ "ስህተቴን ከእኔ ቀድሞ ያያል" እየተባለ ተጻፈበት። ከጎኗ የሚቀመጠው ለፍላፊ ደግሞ "እስከ ዛሬ ያለ እሱ እንዴት ኖርኩ!" ብሎ ጻፈ።

"መቼ ጫንከው?" አለችው እስቲልየው በማግስቱ።

"ዛሬ ጠዋት።"

"አስተያየቱን የጻፍከው እኮ ትናንት ነው።"

"እትዬ ደግሞ! ፍቅር ቀን ይቆጥራል እንዴ?"

አልሳቀችም። ወደ ወረቀቱ በጎን እያየች፣ እንደ ልማዷ ለራሷ አንጎራጎረች፦

ስምህን ሰማሁት ከሰው አፍ ሲወርድ፣
ልቤ ግን አቃተው ባልነካው ለመፍረድ።

"የቀረው ያንቺ ፊርማ ነው" አላት አለቃው።

"ዓርብ እነግርሃለሁ።"

የራሷን ፕሮግራም ቀዳችና በቅጂው ውስጥ ሰባት ስህተቶች ደበቀች። የደበቀችበትን ሁሉ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጽፋ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። መጻፊያው አንዱን እንኳ ቢስት ልትመልሰው ቆርጣ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አዲሱን መጻፊያ ከፍታ ቅጂውን ሰጠችው። ስምንት ስህተት አገኘ።

"ውሸታም!" አለች። "ሊያስደስተኝ አንድ ጨመረ።"

ስምንተኛው እጇን ያላሳረፈችበት መስመር ላይ ነበር። ስልክ ያላስመዘገበ ታካሚ ሲያጋጥም ሥራው እዚያው ይቆማል፤ ከእሱ በታች የተዘረዘሩት መልእክት አይደርሳቸውም ይላል። ፊቷን ወደ ለፍላፊው አዞረች።

"ኮዴን ነካክተህብኛል?"

"እኔ? ያንቺን? እጄ ይቆረጥ!"

ሦስት ስም ጽፋ፣ የመካከለኛውን ስልክ ባዶ ትታ ሞከረችው። አንደኛው ደረሰው፤ ሦስተኛው ቀረ። ድሮ ስልክ የሌለው ሰው አይመዘገብም ነበር፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ይመዘገባል። እሷ ያንን መስመር ተመልሳ አላየችውም።

ያን ጊዜ አክስቷ ትዝ አለቻት። "ልጄ፣ ያ ክሊኒክሽ ጠልቶኛል መሰለኝ፤ ለጎረቤቴ ይልካል፣ ለእኔ ዝም" ትላት ነበር። እሷም ሁልጊዜ "ስልክሽ ነው የተበላሸው" ብላ ትመልስላታለች። የታካሚዎቹን ዝርዝር ከፈተች። ከአክስቷ ስም በላይ ስልክ አልባ ስም ተቀምጧል። ወዲያው ደወለችላት።

"አክስቴ፣ መድኃኒት አለሽ?"

"ትናንት አለቀ። መልእክቱን እየጠበቅኩ ነው።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስልክሽ ደህና ነው።"



"ሦስቴ እኮ አስጠገንኩት!" አለች አክስቷ።

እስቲልየው ስህተቱን በዋናው ፕሮግራም ላይ አርማ መልእክቱን እንደገና እንዲልክ አደረገችው። ከዚያ ሁላችንም እያየናት ወደ ግድግዳው ሄደች፤ "ሰባት ደብቄ ስምንት አገኘ። ስምንተኛው የራሴ ነው" ብላ ጽፋ ፈረመች።

ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ ስልኳ ጮኸ።

"ደረሰኝ!" አለች አክስቷ፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ንገሪኝ እስቲ፤ ይሄን የላከው እውነት ማሽኑ ነው፣ ወይስ አንቺው ነሽ ልታባብዪኝ የጻፍሽው?"