ግራፊክስ ካርዱ የራሴ ነው

«እናቴ፣ ለልጅዎ ነው?» አለኝ ዛሬ ጠዋት ጎንደር ላይ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው ወጣት፣ ግራፊክስ ካርድ ብጠይቀው።

«ለራሴ ነው! የመኪና ውድድር እጫወትበታለሁ።» (መምህርት ጌም አትጫወትም ያለው ማነው?)

ይዤው የሄድኩትን አሮጌ ኮምፒውተሬን ሲከፍተው የሰሊጥ ገለባ ተዘረገፈ። «ይሄማ ይጣል! በመተማ ሙቀት አዲስ ካርድ ቢገባበትም ይቃጠላል» አለ።

እኔ ግን ካርዱንም፣ ተጨማሪ ሚሞሪ (ራም)ም ገዛሁ። መተማ ወዳለችው ከተማዬ ገንዳ ውሃ እንደገባሁ ቀጥታ ወደ ትራክተር ጋራዥ! መካኒኩ የራዲያተር አቧራ በሚያራግፍበት የአየር ኮምፕረሰር የኮምፒውተሬን ገለባ ነፋልኝ። አምና የኮምፒውተሩን ማራገቢያ ሳንይዘው ነፍተን ሰብረነው ነበር፤ ዛሬ እንዳይሽከረከር በጣቴ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት።

አዲሱን ካርድ ገጠምኩት፤ ይኸው ይሠራል። ባለቤቴ ተራ እየጠበቀ ነው፤ ይጠብቅ!

እናንተስ ለራሳችሁ ስትገዙ «ለልጅዎ ነው?» የተባላችሁት ምን ስትገዙ ነው? ጻፉልኝ፤ እኔ ግን ውድድር ላይ ነኝ።