ከተማ የቆረቆርኩበት ቀን

ጆሃንስበርግ ካለነው ሐበሾች ሁሉ ከተማ የቆረቆርኩ እኔ ብቻ ነኝ። ትናንት ሜይፌር ሰፈር፣ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቧንቧ ፈንድቶ የጭቃው ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው ያ ቀን ትዝ አለኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ወንዛችን ዳር ያሉት ጎጆዎች አሥር አይሞሉም። ሹሙ መጥተው፣ "ከዛሬ ጀምሮ ገበያው ኮረብታው ላይ ነው!" ብለው አወጁ። ለገበያ ከየመንደሩ የመጣው ሰው ሁሉ አህያውን ጭኖ ዳገቱን ተያያዘው። አክስቴ ብቻ ቅቤዋን ወንዙ ዳር ዘርግታ ቀረች።

"አንቺ ሴትዮ፣ አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ ጌታዬ። ለአህዮቹም ይንገሯቸው።"

ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። እኔን አባቴ የፊተኛዋ አህያ ላይ አስቀምጦኛል። ፀሐይዋ ስትከር አህያዬ ውሃ ጠማትና ፊቷን አዙራ ቁልቁል ወደ ወንዙ ነጎደች። መቶ አህያ ከነጭነቱ ተከተላት፤ ባለቤቶቹም እየጮኹ ወረዱ። ገበያው እዚያው ወንዙ ዳር፣ ጭቃው ላይ ቆመ፤ ዛሬ ከተማ ነው።

ትናንት አከራዬ "ጭቃው እስኪደርቅ ሱቁን ዝጋ" ሲለኝ፣ "ለደንበኞቼም ንገራቸው" ብዬ በሩን ወለል አደረግኩት።

ለነገሩ ከተማዋን የቆረቆረችው አህያዋ ናት። እኔ አንገቷን አቅፌ እያለቀስኩ፣ ሱሪዬ ላይ ሸንቼ ነበር።