በአደዩ መሀል የሠራሁት መንገድ

የአባቴ አበባ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ የእናቴ አረም ደግሞ ከጓሮ ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ የሆነ የደመወዝ ሰው ነው፤ አበባንም የሚይዘው እንደ ሥራ ነበር። ጽጌረዳዎቹን በገመድ ለክቶ በመስመር ተከላቸው። ከሥራ ሲመለስ ቱታውን ሳያወልቅ ያጠጣቸዋል፤ የወደቀ ቅጠል ካየ ጎንበስ ብሎ ያነሳል። እናቴ ግን የመራዊ ገበሬ ልጅ ናት። ከቤቱ ጀርባ እስከ ሐይቁ ደንገል ድረስ የሚወርደውን መሬት ማንም እንዲነካባት አትፈልግም ነበር። ግራዋው፣ ጉሎው፣ አደዩ እንደፈቀደው ይበቅላል። አባቴ «እናታችሁ መራዊን ተሸክማ መጣች» እያለ ያሾፍባታል። እሷም «ያንተ ለዓይን ነው፤ የእኔን ሲያምህ ትፈልገዋለህ» ትለዋለች።

እኔ የእናቴ ወገን ነበርሁ። ክረምት ሲገባ ቡቃያውን ቁጢጥ ብለን እናያለን። የአደዩ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፤ እሱን የሚመስለው አረም፣ የመጩ ግን ድፍንና ሻካራ። መጩን ትነቅላለች፤ አደዩን ትተወዋለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ አደይ አይነቀልም፣ በቃ።

ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰ ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጣ። አልሄደም። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «መራዊ አክስቱ ዘንድ ነው» ማለት ጀመረች። እሱ ግን ቀን ቀን ጓሯችን ውስጥ ነበር። በአደዩና በግራዋው መሀል የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፎ ይቀመጣል፤ ግንዱ ቁጭ ካለ ሰው ራስ በላይ ስለሆነ ከቤቱ በር ላይ ቆመን እንኳ አይታየንም ነበር። ቀበሌው ለወባው ሲባል ቁጥቋጦ ሁሉ ይመንጠር ብሎ ሰው ሲልክ እናቴ «መድኃኒት ነው፣ እንዴት አድርጌ?» ብላ መለሰችው። ድሮ ቢሆን ማጭዱን ቀድሞ የሚያነሳው አባቴ ነበር። ያን ክረምት ስለ አረሙ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እናቴ ሕግ አወጣችልን። ምግብ ስናደርስለት በአንድ በኩል ሁለት ጊዜ አንገባም። ግንዱን በእጅ መግለጥ ነው እንጂ መርገጥ የለም። ስንወጣ ደግሞ የተጋደመውን እያቃናን መውጣት ነው። እሷ ራሷ ስትወጣ ዶሮ እንኳ ያለፈበት አይመስልም ነበር።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በእኛ አገር በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሣር ከረግረጉ ይነቅላሉ፤ በነጋታው ከአደይ ጋር ጎንጉነው በቤተሰቡ ሁሉ ራስ ላይ ያስራሉ። ከዚያ ምሰሶ ላይ ታስሮ እስከ መስቀል ይቆያል። እንግጫውን ከሐይቁ ዳር ይዤ መጣሁ፤ አደዩን ከጓሯችን ቆረጥሁ። ያን ዓመት ብዙ ነበር፤ ለጎረቤት ልጆችም በእቅፍ እየተሸከምሁ አወጣሁላቸው። ስንት ጊዜ እንደተመላለስሁ አላውቅም። በአንድ በኩል ነው የተመላለስሁት። ሕጉን ረሳሁት ብል ውሸት ይሆናል፤ ትዝ ብሎኛል፣ ግን እጄ ሙሉ ነበር።

በነጋታው ጧት የወንድሜን እንግጫ ይዤ በዚያው መንገድ ገባሁና ራሱ ላይ አሰርሁለት። ሰፋበት። «ሙሽራ መሰልሁ ወይስ ቄስ?» አለኝ። «ቄስ» አልሁት። «እንግዲያው መስቀል ተሳለሚ» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ሳቅሁ። ከእሱ ጋር የሳቅሁት ያን ቀን ነው መጨረሻው።

የቀበሌ ሰዎች በምሳ ሰዓት መጡ። የተደበቀ ልጅ በአውደ ዓመት ወደ ቤቱ እንደሚገባ ያውቃሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር። ሦስት ናቸው። አልጋ ሥር አዩ፣ ቆጥ አዩ፣ ምንም የለም። አባቴ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ጠላ አስቀዳላቸው፤ አንደኛው የጽጌረዳዎቹን መስመር እያየ አደነቀለት፤ አባቴም ቅርንጫፉ እንዴት እንደሚገረዝ ያስረዳው ጀመር። ሌላው ሽንት ቤት ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሰውየው ሽንት ቤት አልገባም፤ መንገዱን አየው። መንገዱ ለእኔም ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ግንዱ በሁለት በኩል ተጋድሟል፤ ከእቅፌ የወደቀው ቢጫ አበባ ወንድሜ እስከተቀመጠበት ጥግ ድረስ መሬቱ ላይ ተነጥፏል። ሰውየው አልሮጠም። ቀስ ብሎ ነው የገባው።

ወንድሜ እንግጫውን ራሱ ላይ እንዳሰረ ወጣ። «እንኳን አደረሳችሁ» አላቸው። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ አንደኛው እናቴን «እትዬ፣ አውደ ዓመት ነው፣ ይብላና እንሂድ» አላት። በላ። እናቴ አጎረሰችው። ወስደው መኪና ላይ ሲያወጡት እንግጫው ራሱ ላይ ነበር፤ ማናችንም አውልቀው አላልነውም። አላለቀስሁም። ገብቼ ሳህን አጠብሁ።

ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ፣ ከሰሜን ጦር ግንባር አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ቀረ። አባቴ ጽጌረዳዎቹን ማጠጣቱን አልተወም። እናቴ ቡቃያ መለየቷን አልተወችም። እኔም ተማርሁ፣ ሥራ ያዝሁ። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ ደኅና ነኝ እላለሁ፤ ውሸትም አልነበረም፤ የሚያመኝ ቦታ አልነበረኝም። እንግጫ ግን ከዚያ ወዲያ ነቅዬ አላውቅም፤ እናቴም ንቀይ ብላኝ አታውቅም።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ በእግሩ ተበትኖ በከተማችን አለፈ። እናቴ አሥራ ሰባት ቀን መንገድ ዳር ቆመች። የብዙ ሰው ልጅ መጣ። የእኛ አልመጣም።

ያን ክረምት ጓሮ ውስጥ ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለን መጭ እየነቀልን ሳለ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«እማየ፣ ያን መንገድ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ» አለች። «የዚያን ለት ጧት አይቼዋለሁ።»

የነቀልሁትን መጭ ወደ ጎን ጣልሁ።

«ላቃናው ወጥቼ ነበር» አለች። «አንድ ሁለቱን አቃናሁ። ድፎው እሳት ላይ ነበርና እንዳያርብኝ ብዬ ገባሁ። ከምሳ በኋላ አደርገዋለሁ አልሁ።»

የያዘችውን ቡቃያ ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው። አደይ ነበር። ከነሥሩ ነቅላዋለች። መልሳ ልትተክለው አፈሩን በጣቷ ትጫር ጀመር፤ እኔም አብሬያት ጫርሁ።