የባቡሩ ጅራት

ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ትንንሽ ባቡር በመሥራት ፍቅር የተያዝን ሰዎች ስንሰበሰብ፣ አንድ ሰውዬ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሙጫ የደረቀባቸውን ጣቶቹን እጅጌው ውስጥ ይደብቃል። እኛ የሠራነውን ሐዲድና ያነሳነውን የእውነተኛ ባቡር ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ስንከራከር፣ የእሱ ፎቶዎች በፊታቸው ተደፍተው ይቆያሉ። ሁሉም የባቡር ጅራት ናቸው፤ ከፊት የተነሳ አንድም የለም።

«ምነው ወዳጄ፣ ሁሌ ካመለጠህ በኋላ ነው እንዴ የምታነሳው?» አለው ቀልደኛችን። ሳቅን።

«ነጂው ልጄ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «በሕፃንነቱ ጥዬው ሄድኩ። አሁን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? እስኪያልፍ ቁጥቋጦ ሥር እሸሸጋለሁ።»

ሳቃችን አፋችን ላይ ደረቀ። ቀልደኛው እፍረቱን ሊሸፍን አንዱን ፎቶ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። ባቡሩ መታጠፊያ ላይ ስለሆነ ፊቱም በሩቁ ይታያል። በነጂው መስኮት አንድ እጅ ወጥቶ፣ ለሰላምታ ወደ ኋላ ተዘርግቷል።

«ይሄ እጅስ?»

ሰውየው ፎቶውን ቀምቶ ኪሱ ከተተው።

«ለሌላ ሰው ይሆናል» አለ።

እኛ ግን አይተነዋል፤ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ሰው የሌለበት ሜዳ ነበር።